ጋቢና የተቀመጠ ያነባል

ሮብ ገበያ ግብርና ጽሕፈት ቤት በምሠራበት ዘመን ቤቴ ደብረ ማርቆስ ነበር። ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ እወጣለሁ፣ ዓርብ ማታ እወርዳለሁ። በዚያ ብርድ ጋቢና ለመቀመጥ የማይሻማ ሰው አልነበረም። የሞተሩ ሙቀት አለ፣ እግር ይዘረጋል፣ የሰው ዶሮም ጭን ላይ አይቀመጥም። እኔ የምመላለስበት መኪና ጋቢና ግን ሥራ ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ሰሞን እየነዱ ስልክ የሚነካኩ ሹፌሮች ላይ ሕጉ ጠበቀ። ቅጣቱ ከፍ ብሏል፣ ከተደጋገመም መንጃ ፈቃድ እስከ መንጠቅ ይደርሳል ተባለ። መናኸሪያው አጠገብ ያሉት ሻይ ቤቶች በሹፌሮች ጩኸት ተሞሉ። «መንገዱን ሳይጠግኑ ስልካችንን ያዙብን!» ይላል አንዱ። «ሚስቴ ብትወልድስ በምን ልስማ?» ይላል ሌላው፣ ሚስት ሳይኖረው። እውነቱን ለመናገር እኔም አፌን ሞልቼ ከእነሱ ጋር አማሁ። ሕግ ሲወጣ የሚታየኝ ቶሎ የሚቀጣው ደሃ ነው።

የእኛ ሹፌር ግን አልጮኸም። ቀድሞ መሪውን በክርኑ ደግፎ፣ ገደሉን በአንድ ዓይኑ ስልኩን በሌላው እያየ የሚነዳ ሰው ነበር። ሁለቴ ከተቀጣ በኋላ መላ መጣለት። መናኸሪያ ውስጥ ሞተር ሳያስነሳ ስልኩን አውጥቶ ጋቢና ለተቀመጠው ሰው ያስረክባል። «ሕጉ ሹፌር አያንብብ አለ እንጂ ተሳፋሪ አያንብብ አላለም» ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚደውልለትን ማናገር፣ የሚጻፍለትን ማንበብ፣ መልስ መጻፍ የጋቢናው ተሳፋሪ ግዴታ ሆነ። አንድ ቀን ተራው አንድ መሪጌታ ደርሷቸው «ጎማው ተገኝቷል» የሚለውን በዜማ ሊያነቡት ምንም አልቀራቸውም።

እኔም ብዙ ጊዜ አንብቤለታለሁ። መጀመሪያ ላይ የመጣውን እንደመጣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የማነበው። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት የጻፈችለትን እንዲሁ ሳነብ መኪናው በሙሉ በሳቅ ተንከተከተ፣ እሱም እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስቀድሜ በዓይኔ አይቼ ነው አፌን የምከፍተው። ያ ልማዴ ነው በኋላ ያወጣን።

አንድ ሰኞ እንደ ወትሮው ጋቢና ወጣሁ። ስልኩን ሰጠኝ፣ ቀጥሎም አንድ ፌስታል ጭኔ ላይ አኖረ። ውስጡ ቀይ የሱፍ ሹራብ ነበር።

«የእምዬ ነው፣ እንዳይጨማደድብኝ» አለ።

እናቱ ከሮብ ገበያ ትንሽ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ከታናሽ ወንድሙ ጋር ይኖራሉ። ሰሞኑን ታመው ነበር። ያን ጠዋት የወንድሙን ወሬ እየጠበቀ ስለነበር ከተማውን ሳንለቅ ሦስት ጊዜ «አልጻፈም?» ብሎ ጠየቀኝ።

ዳገቱን ጀምረን ጭጋጉ ሲውጠን ስልኩ ጮኸ። በዓይኔ አየሁት። «እምዬ ዐረፈች። እሱ መንገድ ላይ ነው። መኪናውን አቁሞ እስኪወርድ ማንም እንዳይነግረው። አደራ።»

ወንድሙ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አትንገሩት ብሎ ሲልክ የእሱንም ቁጥር አብሮ መርጦት ኖሯል። እንባ በሞላው ዓይን ስልክ ሲነካ እንዲህ ነው።

«ወንድሜ ነው? ምን አለ?»

«አይ፣ የካርድ ማስታወቂያ ነው።»

«እስቲ አንብቢው፣ ዕድሌን ልወቅ!»

«ዛሬ ካርድ ከሞሉ... እጥፍ ያገኛሉ... ይላል።» ድምፄ ለራሴ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። እሱ ሳቀ። ከኋላችን ሰው እንደ ጤፍ ነዶ ተከምሯል፣ በስተግራ ገደል ነው፣ ጭጋጉ ከፊት ያለውን መንገድ አያሳይም። ይህ ሰው እንደ ድሮው ስልኩን ራሱ ይዞት ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ሻይ ቤት ያማሁትን ሕግ በሆዴ መረቅሁት። የእኛ ሰው ለነገሩ ይህን ሕግ ድሮም ያውቀዋል። መርዶ ለመንገደኛ አይነገርም። ሰውየው ቤቱ ገብቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ግራ ቀኙን የሚይዘው ሰው ቆሞ ነው የሚነገረው።

«በይ ጻፊልኝ» አለ። «እምዬ እንዴት አደረች በይው። ሹራቧን ይዤ እየመጣሁ ነው፣ ቀይ ነው፣ እንደ ሙሽራ ነው የማለብሳት በይው።»

አቀረቀርኩና ጻፍኩ። የጻፍኩት ግን ሌላ ነው። «ስልኩን የያዝኩት ተሳፋሪ ነኝ። የላካችሁት እሱ ጋ መጥቷል። አላየውም፣ አልነግረውም። አይዟችሁ።»

መልሱ ቶሎ መጣ። «እግዚአብሔር ይስጥልን። ቀስ ብሎ ይንዳ።»

«አሁንስ ወንድሜ ነው፣ ምን አለ?»

ሁለተኛ መዋሸት አቃተኝ፣ እውነቱንም መናገር አልችልም። ጫፏን ብቻ ቆርሼ ሰጠሁት። «ቀስ ብለህ ንዳ አለህ።»

ፊቱ በራ። «እምዬ ናት ያስጻፈችው! ከቤት በወጣሁ ቁጥር የምትለኝ ይህንኑ ነው። ደህና ናት ማለት ነው እኮ!» አለና ማርሹን ቀነሰ። እንደተባለው ቀስ ብሎ ነዳ፣ እያፏጨ።

በመስኮቱ ውጭ የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። እናቱን በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም፣ ግን ሹራባቸውን አቅፌ ዝም ብዬ አለቀስኩ። ብርዱ ነው ዓይኔን የሚያስለቅሰኝ ስለው «አዎ፣ የጮቄ ተራራ ንፋስ ክፉ ነው» ብሎ በእሱ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋልኝ። ያ ደግነቱ አንጀቴን በላው።

ሮብ ገበያ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው መኪና ማቆሚያው ዳር ቆመው ነበር። ሞተሩን አጠፋ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። አንድ እግሩ መሬት ሳይደርስ ገባው። «እምዬን?» ብቻ ነው ያለው። ከግራና ቀኝ ያዙት። ከዚያ መካከል ዞሮ ወደ እኔ አየ። በአንድ እጄ ስልኩን፣ በሌላው ሹራቡን ይዤ ጋቢና ውስጥ ቀርቻለሁ።

ወር ያህል ከቆየ በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ጥቁር ለብሶ፣ ጢሙን አሳድጎ። ሌላ ሰው ጋቢና ሊወጣ ሲል «ለእሷ ተውላት» አለ። ስልኩንም እንደ ድሮው ሰጠኝ። ዳገቱ ላይ ጭጋጉ ጋ ስንደርስ መኪናውን ዳር አስያዘና ሞተሩን አጠፋ። ከኋላ ተሳፋሪው አጉረመረመ። አንዲት እናት «ምነው ልጄ፣ ገበያው ሊያመልጠን ነው እኮ» አሉ።

«አንዴ ይታገሡኝ እማማ» አላቸውና ወደ እኔ ዞረ። «ያን መልእክት አላየሁትም። ሰዎች ነገሩኝ እንጂ እኔ አልከፈትኩትም። አሁን ቆሜያለሁ፣ አንብቢልኝ።»

ፈልጌ አገኘሁት። አነበብኩለት፣ ከ«እምዬ ዐረፈች» እስከ «አደራ» ድረስ አንድም ቃል ሳላስቀር። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ሰማኝ።

«እኔ እያፏጨሁ» አለ፣ «ያን ሁሉ መንገድ ሐዘኔን አንቺ ተሸከምሽልኝ።»

ከኋላ እኒያ እናት «ነፍስ ይማር» አሉ፣ መኪናው በሙሉ «ነፍስ ይማር» አለ። ስለ ገበያው ያነሳ ሰው አልነበረም።

ፊቱን ጠረገና ሞተሩን አስነሳ። ከእንግዲህ ራሱ ሊይዘው ይሆናል ብዬ ስልኩን ዘረጋሁለት። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ራሱን ነቀነቀ።

«ያዢው እንጂ እህቴ» አለ፣ «ገና መንገድ ላይ ነን እኮ።»