ትኩሳት ነበራቸው?

ሥራዬ ሰው በምን እንደሞተ መጠየቅ ነው። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ሰው ሲሞት፣ ድንኳኑ ተነሥቶ፣ አርባው ወጥቶ ቤቱ ጭር ሲል ታብሌቴን ይዤ እሄዳለሁ። በእኛ አገር አብዛኛው ሰው የሚሞተው በገዛ አልጋው ላይ ነው፤ «ይሄ በሽታ ገደለው» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም አጠገቡ የለም። ስለዚህ ያስታመመውን ሰው እንጠይቃለን። ትኩሳት ነበራቸው? ያስላቸው ነበር? እግራቸው አብጦ ነበር? ኋላ ሐኪሞች መልሱን ያነቡና የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብዙ ጊዜ ያለ ሥራ ስለተቀመጥኩ ነው የገባሁበት። መጀመሪያ ላይ ሰዎች ያባርሩኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ማንም አላባረረኝም። ለቀስተኛው ሁሉ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ሄዷል፤ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ የሰማቸው ግን የለም። በርጩማ አውጥተው፣ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ያስቀምጡኛል።

አሮጊቶቹ ከጠየቅኳቸው ውጭ ይሄዱብኛል። በቅርቡ ስለሞተው ባላቸው ስጠይቃቸው ከብዙ ዓመት በፊት ስለሞቱባቸው ሕፃናት ይነግሩኛል። ያኔ ሞት ማለት ትኩሳት ነበር፤ ጠዋት ሲጫወት የነበረ ልጅ ማታ እሳት ሆኖ ያድራል፣ በማግስቱ የለም። ወደ ቅርቡ ሞት ስመልሳቸው ቃላቱ ሌላ ናቸው፤ ግፊት፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ሞተር ሳይክል። ሕፃናት እንደ ድሮው አይሞቱም። ወባ ጠፋ ስንል እየተመለሰ ቢያስቸግረንም መድኃኒቱ ቅርብ ሆኗል። አሁን በየቤቱ የምሰማው ይበልጡን ስለ ጎልማሳ ነው፤ ደህና ወጥቶ ስለወደቀ ሰው።

አባቴም እንደዚያ ነው የሞተው።

የተወለደው ደጋ፣ ገረሴ ነው። መሬቱ ለወንድማማቾች ሲካፈል እየጠበበ ሄዶ ለእሱ የተረፈው ትንሽ የእንሰት ጓሮ ነበር። ቆላ ወርዶ ሙዝ የተከለ ሰው ሲያልፍለት ይታያል፤ ይሁን እንጂ የደጋ ሰው ቆላን የሚያየው እንደ መቃብር ነበር። ታላቅ ወንድሙ ቀድሞት ወርዶ ነበር። ወባ ያዘውና በቃሬዛ ተሸክመው መለሱት፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። አባቴ ወንድሙን ቀብሮ፣ ዓመት ሳይሞላው ያንኑ መንገድ ወረደ። ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ መንገድ ድረስ ተከትላው ወጥታ «አንተንም ተሸክመው ያመጡልኛል» ብላ እንደሸኘችው ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ ይወራ ነበር።

ከሲቀላ፣ ከአርባ ምንጭ ታችኛው ከተማ፣ በታች፣ የመስኖ ውኃ በሚደርስበት ቦታ መሬት አገኘ። እናቴን ከዚያው ከገረሴ አምጥቶ አገባ። የመጀመሪያ ልጃቸው ሴት ነበረች፤ ወባ ወሰደባቸው። እኔ አላውቃትም፣ የተወለድኩት ከእሷ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቴ በዚህ ዓለም የሚፈራው ትኩሳትን ብቻ ሆነ። ከማሳ ሲገባ ሰላም እንኳ ሳይለን የእጁን ጀርባ ግንባራችን ላይ ያሳርፋል። እጁ የሙዝ ፈሳሽ ያጠቆረው፣ ሻካራ ነበር። ትንሽ ሞቅ ካለን ሳይቀመጥ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለሳል። አጎበሩን ሁሌ የሚዘረጋው ራሱ ነው፤ አልጋውን እየዞረ ጫፉን ከፍራሹ ሥር ይጎሰጉሳል፣ አንዳችን እግራችንን ካወጣን ይቆጣል። አንድ ጎረቤታችን አጎበሩን ለዓሣ ማጥመጃ አድርጎት ቢያየው ለረጅም ጊዜ ተኳርፈዋል።

እኛ ልጆቹ አደግን። ሰው ስለ ሙዙ ሲያመሰግነው «ሙዙን ተወው፣ ልጆቼ አደጉልኝ» ነበር መልሱ።

ከዓመታት በኋላ፣ ሙዝ አስጭኖ ሲመለስ፣ ሲቀላ መናኸሪያ አጠገብ ነጭ ጋውን የለበሱ ተማሪዎች ድንኳን ተክለው በነፃ ግፊት ሲለኩ አገኘ። ሰልፍ ያዘ። ለኩት፣ ጥቂት አስቀምጠውት ደግመው ለኩት፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ አሉት። ሄደ፣ ክኒን ታዘዘለት፣ ጨው ቀንስ ተባለ። የበርበሬ ዳጣ ያለ ጨው ምኑን ዳጣ ሆነ ብሎ እየሳቀ አወራልን። ክኒኑን ጥቂት ወራት ዋጠና ተወው።

እኔ ያኔ ሴቻ፣ ላይኛው ከተማ፣ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። አንድ እሑድ ስወርድ ጠየቅኩት።

«አባባ፣ ክኒኑስ?»

«አሁን ደህና ነኝ እኮ።»

«ደህና የሆንከው ስለዋጥከው ነው።»

«ምንም ሳያመኝ መድኃኒት ልዋጥ?» እጄን ይዞ ግንባሩ ላይ አደረገው። «ንኪኝ እስቲ። ቀዝቃዛ ነኝ።»

እውነቱን ነበር፣ ቀዝቃዛ ነው። ስለ ግፊት የማውቀውን ነገርኩት፤ ሳያሳምም እንደሚቆይ፣ በየቤቱ ስለሰማሁት ሰው ሁሉ። በትዕግሥት አዳመጠኝ። ለእሱ ግን በሽታ ማለት የሚያቃጥል፣ የሚያንቀጠቅጥ፣ አልጋ ላይ የሚጥል ነገር ነው፤ እንዲህ ያለውን ዝምተኛ በሽታ ልቡ አልተቀበለውም። እኔ ስመጣ ለእኔ ሲል ይውጣል፣ ስሄድ ይተዋል።

የወደቀው ጠዋት ነው፣ የውኃ ተራው ደርሶ ቦዩን ሲከፍት። ጎረቤቶቹ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱት። እኔ ከሴቻ ስደርስ ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም፣ አፉ ተጣሟል፣ ቃል አይወጣውም። ዓይኑ ግን ያውቀኝ ነበር። ጎንበስ ስልለት ግራ እጁን እንደምንም አንሥቶ የጣቶቹን ጀርባ ግንባሬ ላይ አሳረፈ። ጥቂት አቆየውና መለሰው። ትኩሳት አላገኘብኝም መሰለኝ። በዚያው ሳምንት አረፈ።

አርባው ካለፈ በኋላ የእኛም ቤት ተራው ደረሰ። ማንም የገዛ ቤተሰቡን እንዳይጠይቅ ደንብ አለ። የእኛን ቋንቋ፣ ጋሞኛን፣ የምትናገረው ባልደረባዬ ወልዳ ቤቷ ነበረች፤ የቀረው ከሰሜን የመጣ ባልደረባችን ነው፣ ከጋሞኛ ሰላምታ ብቻ የሚያውቅ። ሌላ ሰው እስኪገኝ ይቆይ ተባለ። እናቴ ስትሰማ «ምን ይቆያል፣ ይምጣ» አለች።

መጣ። እናቴ በረንዳ ላይ፣ እኔ አጠገቧ፣ እሱ ፊት ለፊታችን ተቀመጥን። በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ አብረን ውለናል፤ በዚያ ቀን ግን ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

«እማማ» አላት፣ «ባለቤትዎ መታመም ከጀመሩ ጊዜ ጀምሮ የሚያስታውሱትን ይንገሩኝ።»

እናቴ አማርኛዋ የገበያ ነው፤ ለመግዛትና ለመሸጥ ይበቃታል። ስለ አባቴ ጥቂት ከተናገረች በኋላ ቃል አጠራትና ወደ እኔ ዞራ በጋሞኛ «አንቺ ንገሪልኝ» አለች።

እሱ አመነታ። «እሷ የራሷን አትጨምርም» አለ በመጨረሻ። «የእርስዎን ቃል ብቻ ትተርጉምልኝ።»

ስለዚህ ጎኗ ተቀምጬ፣ አባቴን «ባለቤቴ» እያልኩ ማውራት ጀመርኩ። «ባለቤቴ ጤነኛ ሰው ነበር። ባለቤቴ ከማሳ ቀርቶ አያውቅም።» መጀመሪያ ላይ አፌ ላይ ከበደኝ። ቆይቶ እናቴን እሷ ራሷ ሆኜ የምሰማት መሰለኝ።

«ትኩሳት ነበራቸው?»

ይህን እንድተረጉምላት አልጠበቀችም። በራሷ አማርኛ መለሰችለት። «የለም። ትኩሳት ብትሆን ያውቃት ነበር። ቀድሞ ይይዛት ነበር።»

«ራስ ምታትስ?»

እናቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። ከዚያ በጋሞኛ፣ ወደ ማሳው እያየች፣ ረጅም ነገር ተናገረች፤ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር።

ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ከማሳ ሲገባ ቤት አይገባም ነበር አለች። ደጅ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ተራራው ያዞራል። ምን ሆነህ ነው ስትለው ራሴን ከብዶኛል ይላል። ሐኪም ጋ እንሂድ ስትለው እጁን ያወዛውዛል። ናፍቆት ነው ይላታል። ልጆቹን ለማሳደግ ሲሯሯጥ ኖሮ አገሩን የሚያስብበት ጊዜ አልነበረውም፤ አሁን ሁሉም የየራሱን ቤት ሲይዝ የገረሴ ጠዋት፣ ጉሙ፣ ሌሊቱን ሙሉ በብርዱ ጋቢ ተጠቅልሎ መተኛቱ ይመጣበት ጀመር። ለመስቀል ወጥተን ትንሽ እንከርማለን፣ ያኔ ይለቀኛል ብሏታል።

ለእኛ እንዲህ ያለ ነገር ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ቆላው ያበላናል፣ ምን ጎደለን ነበር የሚለን። ያን ሁሉ ዓመት ሙቀቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ኖሯል፤ እኔ የቆላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

«ምን አሉ?» አለ ባልደረባዬ።

«ራሴን ከብዶኛል ይለኝ ነበር» ብዬ ጀመርኩና ወደ ተራራው ዞርኩ። እናቴ ጉልበቴን ነካ አደረገችው። «ጨርሽለት» አለችኝ።

«ምን ሆነህ ነው ስለው ናፍቆት ነው ይለኝ ነበር። የአገር ናፍቆት።»

«ናፍቆት ነው ያሉት?»

«ናፍቆት።»

ቤተሰቡ በራሱ አባባል የተናገረው የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ቃሉን እንዳለ ጻፈው። ከዚያም ወደ ጥያቄው ተመልሶ ራስ ምታት አዎ የሚለውን ነካ። የቀረው ቶሎ አለቀ። ሲነሣ የእናቴን እጅ ጨብጦ «የእኔም እናት ግፊት አለባት» አላት። «መንገድ ላይ እደውልላታለሁ።»

ሐኪሞቹ የአባቴን ሞት ምክንያት ከግፊት የመጣ የአንጎል ደም መፍሰስ ነው አሉ። ትክክል ናቸው፤ እኔም ብሆን ከዚህ ሌላ አልልም። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ቤት ተቀምጬ ራስ ምታት የሚለው ጥያቄ ላይ ስደርስ ቶሎ ማለፍ አቃተኝ። ያመመው ሰው ራሱ ምን ነው ይል እንደነበርም እጠይቃለሁ። አንዷ ሴት ባሏ የጎረቤት ዓይን ነው ይል እንደነበር ነገረችኝ። ሌላዋ ድካም ነው ይል እንደነበር። ሁሉም የሆነ ስም ሰጥተውታል።

ለመስቀል እናቴን ይዤ ገረሴ ወጣሁ። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲይዝ ጫሞ ሐይቅ ከታች ቀረ፤ አየሩ እየቀዘቀዘ ሲመጣ እናቴ ከቦርሳዋ ጋቢ አውጥታ ደረበች፣ መስኮቱን ግን አልዘጋችም። አክስቴ በጣም አርጅታለች። ስታየን ደጅ ላይ ወደቀች፣ አነሣናት፣ አብረን አለቀስን። ሲበርድላት አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ወባ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አይደለም አክስቴ። ግፊት ነው።»

«የምን ግፊት?»

«የደም።»

«እሱ እኮ እዚህም አለ» አለች ቀስ ብላ። «የጤና ኤክስቴንሽኗ በቀደም ለክታኝ ከፍ ብሏል ጨው ተይ አለችኝ።» እጇን እንደተለካችበት ዘርግታ ተመለከተችው። «ቆላ ይበላዋል እያልኩ ስንት ዘመን ያንን መንገድ ሳይ ኖርኩ። እዚህ ቢቀርም ይይዘው ነበር ማለት ነው?»

«ሊይዘው ይችል ነበር።»

ሥራዬን ታውቃለች፤ ስለዚህ መሰለኝ ያመነችኝ። አንገቷን ነቀነቀች። «እንኳን ወረደ ታዲያ» አለች። «እንኳን ወረደ። ልጆች አየ።»

እናቴ አብራኝ አልተመለሰችም፤ እዚያው ልቆይ አለች። ከመውረዴ በፊት ሁለቱንም ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። እናቴም ከፍ ብሎባት ተገኘ። ክኒናቸውን ተቀበሉና እየተደጋገፉ ቁልቁለቱን ወረዱ፣ ስለ አባቴ ልጅነት እያወሩ። አክስቴ ታወራለች፣ እናቴ ያንን እንዴት አልነገረኝም እያለች ታቋርጣታለች።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በጋው ገብቶ ሙቀቱ በርትቶ ነበር፤ አርባ ምንጭ በዚያ ሰሞን ጥላ ሥርም አያስቀምጥም። አንድ ቀን ከቀበሌ ስመለስ እናቴ ደወለች። ክኒኑን በየጠዋቱ አብረው እንደሚውጡ፣ አክስቴ ስትረሳ እንደምትቆጣት ነገረችኝ። ሙዙን ማን እንደሚያጠጣ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ስልኩ ውስጥ ነፋሱ ይሰማኛል።

«እማ» አልኳት፣ «ናፈቅሽኝ።»

«ልውረድ?»

ውረጂ ልላት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። «አይ» አልኳት። «ቆዪ። ብርዱን ጠግበሽው ነይ።»