ኳስ ተጫዋች ሊመርጥ የተቀመጠ ኮሚቴ

የሎንዶንን ብርድ ለመድኩት፤ በክረምት ገና በአሥር ሰዓት የሚጨልመውን ሰማይም ለመድኩት። ኮሚቴን ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። የእንግሊዞቹን ማለቴ አይደለም፤ የእኛኑ ነው።

አገር ቤት የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ ደህና አድርጌ ኳስ ተጫውቻለሁ። ከቀበሌ ስብሰባ፣ ከጥናት ክበብ፣ "ማንነቱ ይጣራ" ከሚባለው ጣጣ ሸሽቼ በእግሬ ሱዳን ገባሁ፤ ከዚያም በስንት መከራ ሎንዶን ደረስኩ። ስደርስ ወገኖቼ ቀድመውኝ ገብተው ቀበሌ አቋቁመው ጠበቁኝ። ማኅበር ነው የሚሉት። ሊቀመንበር አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ አጀንዳ አለው፣ "የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ" እያለ እጁን የሚያወጣ ሰው አለው። የጎደለው ጠብመንጃ ብቻ ነበር።

ማኅበሩ የኳስ ቡድንም ነበረው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዊልስደን ውስጥ ባለ አንድ ጭቃማ ሜዳ ላይ የኮሌጅና የፖሊቴክኒክ ተማሪዎቻችን ይጫወታሉ፤ እኔ አሠለጥናቸዋለሁ። አብዛኞቹ የሚመጡት አማርኛ ለማውራትና ላብ ለማውጣት ነው። አንዱ ግን ኳስ ተጫዋች ነበር። ምህንድስና የሚማር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ አማካይ። ኳስ ሲቀበል አይቸኩልም፤ ሲሰጥም አይታበይም።

በዚያው ዓመት ከሥራ በኋላ የአሠልጣኝነት ኮርስ እወስድ ነበር። የሚያስተምረን ሽበታም እንግሊዛዊ ዋናው ሥራው ለአንድ ፕሮፌሽናል ክለብ በየኮሌጁ እየዞረ ተስፋ ያላቸውን ልጆች አይቶ መምረጥ ነው። ተጫዋች እንዴት እንደሚታይ ያወቅሁት ከእሱ ነው። "ኳሷን አትዩ" ይለን ነበር፤ "ኳሷን ሁሉም ሰው ያያታል። ልጁን ኳስ በሌለበት ሰዓት እዩት። ሲሳሳት ማንን እንደሚወቅስ እዩ። ጓደኛው ሲወድቅ ወዴት እንደሚሮጥ እዩ።" እኔ አገር ቤት ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር የማየው ጉልበትና ፍጥነት ብቻ ነበር።

አንድ እሑድ ለምኜ ወደ ሜዳችን አመጣሁት። ሽበታሙ ካፖርቱን ቆልፎ፣ ኳሷ ወዳለችበት ዞር ሳይል ያንን አማካይ ብቻ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጠራኝ። "ኳስ ሳይደርሰው በፊት ኋላውን ሁለት ጊዜ ዞሮ ያያል። እኛ ይህንን ለማስለመድ ዓመታት ይፈጅብናል። ማን አስተማረው?" አለኝ።

ምን ብዬ ልመልስለት? አዲስ አበባ በዚያ ዘመን ያደገ ልጅ ኋላውን ሳያይ መንገድ አይሄድም ነበር። ትከሻዬን ነቀነቅሁ። ሰውየውም "ሁለት ልጆች ይዘህልኝ ና፤ ከአሥር ቀን በኋላ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ክለቡ ለሙከራ ያያቸዋል" ብሎኝ ሄደ።

ሁለት ቦታ ተገኘ። ለሌላው ልጅ ደህና አጋጣሚ ነው፤ ለአማካዩ ግን የሕይወት ጉዳይ ነበር። የመጣው በመንግሥት ስኮላርሽፕ ነው። ትምህርቱ በሰኔ ያልቃል፣ ቪዛውም አብሮ ያልቃል። ጥገኝነት እንዳይጠይቅ፣ ሲወጣ አባቱ ዋስ ሆነው ፈርመውለታል፤ ልጁ ከዳ ከተባለ የሚታሰሩት እሳቸው ናቸው። ቢመለስ ደግሞ እንደ እሱ ያለው ወጣት የት እንደሚላክ ሁላችንም እናውቃለን። ክለብ ቢቀጥረው ግን ማንንም ሳይክድ መቆየት ይችላል። ኤምባሲውም ቢሆን "የእኛ ልጅ እንግሊዝ አገር ይጫወታል" ብሎ ይኮራ እንደሆነ እንጂ አባትዬውን አያስርም። ከዚያ በቀር ቀዳዳ አልነበረም።

ቡድኑ የማኅበሩ ስለሆነ ለኮሚቴው ነገርኩ። ባልነግር ከፋፋይ ተብዬ እወገዛለሁ። ሐሙስ ዕለት ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ባለች አንዲት ቡና ቤት ጀርባ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ቤቱ የአንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ነው፤ እሳቸውም የኮሚቴ አባል ናቸው። አምስት ነበርን፤ ሽማግሌው፣ እኔ፣ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና አንዲት ነርስ።

ሊቀመንበሩ ድሮ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ በኋላ ካውንስል በሚሉት በሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት ተቀጥሯል። ከመቀመጡ መነጽሩን አውልቆ "ጓድ አሠልጣኝ፣ ሪፖርትህን አቅርብ" አለኝ። ከጓዶች የሸሸ ሰው "ጓድ" ሲለኝ ሁልጊዜ ያቅለሸልሸኛል። ዋጥ አድርጌ ስለ ልጆቹ ተናገርኩ። ስለ አማካዩ ስደርስ ምናልባትም አበዛሁት፤ እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳሁ።

"ስለ እግሩ ሰማን። አቋሙስ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"አቋሙማ ግሩም ነው፤ ዘጠናውን ደቂቃ ይሮጣል" አልኩት።

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው ብቻ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

"እዚህ ያለነው ለቀልድ አይደለም" አለ ሊቀመንበሩ። " ይህ ልጅ ደርግ እየከፈለለት ነው የሚማረው። ውሻ በበላበት ይጮኻል። እኛ መክረን ፊት ብናወጣው ነገ ስሙ የሚጠራው ለማን ነው? ለኤምባሲው ነው።"

"ኳስ ነው እኮ የምናወራው!" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ያን ጊዜ ነርሷ ተናገረች። ሌላ ጊዜ በስብሰባ ብዙ አትናገርም። "ወንድሜን የጠቆመውም ጎበዝ ተማሪ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ቤታችን ይበላ ነበር። እናቴ ከወንድሜ ለይታ አታየውም ነበር። በሰውየው ፊት ላይ ምንም አልተጻፈም። ይቅርታ አድርግልኝ፣ በዚህ ልጅ ፊት ላይም የማነበው ነገር የለም።"

በእሷ ላይ እንዴት እቆጣለሁ? ወንድሟን በር ላይ ጥለውላት፣ አታልቅሺ ተብላ የወጣች ሴት ናት። መቆጣት ያለብኝ እዚያ በሌሉት ላይ ነው። እነሱን ማን ያገኛቸዋል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል እንዲህ ያለውን፤ መንግሥቱ አዲስ አበባ ቁጭ ብሏል፣ እኛ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ አንድ አማካይ እንደበድባለን።

ሊቀመንበሩ ልጁ ይጠራ አለ። ለካ አስቀድሞ ነግሮት ኖሮ ልጁ ውጭ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ገባ። እጆቹን ከፊቱ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ወንበር ስቤ "ተቀመጥ" ብለውም አልተቀመጠም። ይህችን አቋቋም የት እንደተማራት አውቃለሁ፤ እኔም ቆሜባታለሁ። ያንን ሳይ ደሜ ፈላ።

"ማን ነው የላከህ?" አለው ሊቀመንበሩ።

"ፈተና አልፌ ነው ጋሼ።"

"ሁላችንም ፈተና አልፈናል። አባትህ ፓርቲ ውስጥ አሉ?"

"የሉም። የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ናቸው።"

"እንግዲያው ቀላል ነው" አለ ሊቀመንበሩ፣ ደግ ነገር እንዳሰበ ሰው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ። "እሑድ ኤምባሲው በር ላይ ሰልፍ አለን። ፊት ለፊት ትቆማለህ፣ ፎቶ ትነሳለህ። ረቡዕ ለትራያሉ ትሄዳለህ። ያኔ ጥርጣሬው ክሊር ይሆናል።"

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። "አባቴ ዋሴ ናቸው" አለ።

"ሁላችንም አባት አለን።"

"የእርስዎ አባት ዋስ ናቸው?" አልኩት እኔ። ከወንበሬ ተነስቼ ነበር። "የአባትህን አንገት ካልሰጠኸን ኳስ አትጫወትም ነው የሚሉት? ይሄንን ቀበሌው አይጠይቅም ነበር!" ጸሐፊው የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ አለ። የት ግባ እንዳልኩት አልጽፈውም።

ልጁ "ሰልፍ መውጣት አልችልም። ኳስ መጫወት እችላለሁ" ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ። በሩን እንኳ ድምፅ ሳያሰማ ነው የዘጋው።

ድምፅ ተሰጠ። ሽማግሌው ከእኔ ጋር ሆኑ። "እኔ ኳስ አላውቅም። ይህ ልጅ ግን ሻይ ጠጥቶ ብርጭቆውን ራሱ ነው የሚመልሰው። ሰላይ እንዲህ አይደክምም" አሉ። ሦስቱ አሸነፉን። የተመረጡት አንድ ክንፍ ተጫዋችና አንድ ረጅም ተከላካይ ናቸው። ተከላካዩ የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ ነው። ይሄንንም የተናገረ የለም፤ ነውር ነዋ። ሰው ሰላይ ማለት ነውር አይደለም፣ የእህትህ ልጅ ነው ማለት ግን ነውር ነው።

ረቡዕ ሁለቱን በባቡር ይዣቸው ሄድኩ። የእህት ልጅየው መንገዱን ሁሉ በመስኮት ሲያይ ቆይቶ "ጋሼ፣ ዚስ ኢዝ ሮንግ። መምጣት የነበረበት እሱ ነው። አጎቴን ብዬው ነበር፣ አልሰማኝም" አለኝ። እሱ ምን ያድርግ? ሜዳ ላይም የተቻለውን አደረገ። የሚሮጡት ልጆች ግን ከሌላ ዓለም ናቸው፤ ከእረፍት በፊት ሁለቱም ትንፋሽ አጠራቸው።

ሽበታሙ ሁለቱን ጨብጦ አመስግኖ ሸኛቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ኋላውን የሚያየው ልጅ የት አለ?" አለ።

እውነቱን ነገርኩት። ኮሚቴ ተሰብስቦ ድምፅ ሰጥቶ አስቀረው አልኩት። መጀመሪያ እንግሊዝኛዬ የተሳሳተ መሰለውና ደግሜ እንድናገር አደረገኝ። ደገምኩለት። ሰውየው ቀላ፤ የእኔው ንዴት ወደ እሱ የተሻገረ መሰለኝ። "ቅዳሜ ጠዋት አምጣው። ብቻውን አምጣው። እኔ አይቼዋለሁ፣ የቀሩት እንዲያዩት ብቻ ነው" አለኝ።

በደስታ በረርኩ። ያንኑ ከሰዓት ስቶክዌል ሄድኩ። ልጁ ከሁለት ተማሪዎች ጋር የሚኖረው እዚያ ካሉት የካውንስል ሕንፃዎች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበቴን እየረገምኩ ወጣሁ። በሩን ሲከፍትልኝ ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር፤ አልጋው ላይ ሻንጣ ተከፍቷል።

"ቅዳሜ ትሄዳለህ! ሰውየው አንተን ነው የሚፈልገው። ኮሚቴ የለ፣ ምን የለ" አልኩት ገና ሳልቀመጥ።

"ተመስገን" አለ። ፈገግ አለ። ከዚያ ካውያውን ነቀለ። "ጋሼ፣ ትናንት ኤምባሲ ሄጄ ቲኬቱን ኮንፈርም አድርጌዋለሁ። ዓርብ ነው።"

"ካንስል አድርገዋ! ትምህርትህስ?"

"የመጨረሻውን ፈተና እዚያ እፈተናለሁ፣ ካልሆነም ይቀራል።"

ኮሌታውን ያዝኩት። ልጄ ቢሆን እመታው ነበር። "አብደሃል? እዚያ ምን እንደሚጠብቅህ አታውቅም? ወደ ሰሜን ነው የሚጭኑህ! ይኸው በሩ ተከፍቶልሃል፣ ለነዚያ ሦስት ሰዎች ብለህ ነው የምትዘጋው?"

እጄን ለማስለቀቅ አልሞከረም። "ቅዳሜ ብጫወት፣ እሑድ ኤምባሲው ነው ያስገባው ይባላል። እዚህ የማውቀው ሰው ሁሉ እነሱ ናቸው፤ ከማን ጋር እኖራለሁ?" አለኝ።

"ከእንግሊዞቹ ጋር ኑር!"

"ጋሼ" አለ፣ ቁጣዬን የሚያባብል ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እዚያም ስብሰባ ነው፣ እዚህም ስብሰባ ነው። እዚያ እናቴ አለች።"

ኮሌታውን ለቀቅሁት።  የለበሰውን ሸሚዝ አጨማድጄበት ስለነበር አውልቆ መልሶ ካውያውን ሰካ። ስወርድ በየፎቁ እየቆምኩ የማውቀውን ስድብ ሁሉ ተሳደብኩ፤ ደርግን፣ ሊቀመንበሩን፣ ማኅበሩን፣ ዝናቡን። ልጁን ግን መሳደብ አልቻልኩም፤ ያለው ልክ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ዓርብ ሄደ። ደብዳቤ አልጻፈም። ደርግ ወድቆ አዲስ አበባ ስገባ መጀመሪያ የፈለግሁት እሱን ነው። አባቱ የሠሩበት ባቡር ጣቢያ ሄጄ ጠየቅሁ፣ ሰፈራቸውን ጠየቅሁ፣ አዲሶቹ ሹማምንት የተቀመጡበት ቢሮ ሳይቀር ገብቼ፣ እንዲህ ያለ ከእንግሊዝ አገር የተመለሰ መሐንዲስ፣ ቀጭን ልጅ፣ ኳስ የሚጫወት፣ አልኳቸው። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው ስሙን እንኳ ሳይጠይቀኝ ቀና ብሎ "ከየትኛው ወገን ነበር?" አለኝ።

ተሳድቤ ወጣሁ።