አራተኛው በር

የታሰርሁበትን ቤት በር የበየድሁት ራሴ ነኝ። ቢቸና ውስጥ የመኪና ቦዲ የምሠራበት ጋራዤ ነበር። ፖሊስ ጣቢያው በእስረኛ ሲጨናነቅ ሰፊ ቤት ፈልገው የእኔን ወሰዱት። ብዙም ሳይቆይ «ለታጣቂዎች መኪና ጠግነሃል» ተብዬ እኔም እዚያው ገባሁ።

ቤቱ ግን የማውቀው ቤት አልነበረም። የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ሰው ተኝቷል። ዘይት የጠጣው ወለል ላይ ካርቶን ተነጥፎ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። የተቃጠለ ዘይት የማጠራቅምበት በርሜል የሽንት ሆኗል። መሀል ላይ፣ እንደ አዲስ ሳድሳት የነበረችው አሮጌ የጣሊያን መኪና ጎማዋ ወልቆ ድንጋይ ላይ ቆማለች። ውስጧም ሰው ተኝቶባታል።

ባለቤቱ መሆኔ ወዲያው ታወቀ።

«ባለቤቱ ከመጣማ ዛሬ እራት አለ ማለት ነው» አለ ከደብረ ኤልያስ የመጣ አንድ ገበሬ።

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን ማንንም ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እኛ ዘንድ ሰው ቤትህ ገብቶ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ቢወጣ ነውር ነው። እነዚህ ሰዎች ቤቴ ውስጥ ይጠማሉ፣ ቤቴ ውስጥ በቁንጫ ይበላሉ። ያሰርኋቸው እኔ እንዳልሆንሁ አውቃለሁ። ሐፍረቱ ግን ይህን ከቁብ አልቆጠረውም።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት የሞጣ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። ለንግድ እንደወጡ ከአውቶቡስ አስወርደው ነው የያዟቸው። ከሚደርሳቸው የመጠጥ ውሃ ላይ ቀንሰው ለሶላት የሚታጠቡ ንጹሕ ሰው ናቸው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሆዳቸውን ክፉኛ ቆረጣቸው። ወደ መጸዳጃ የምንወጣው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው። በሩን ደበደብንላቸው።

«ሰዓቱ አልደረሰም» አለ ጠባቂው ከውጭ።

ሐጂ ግድግዳውን ተደግፈው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ጎማ ክምር ላይ ተቀመጡና ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ሳቡት። ሽታው ሲመጣ ሁሉም ገባው። ወሬው ቆመ።

ገበሬው ጠጋ አለ። «ሐጂ፣ ይታጠቡ። ውሃ እናዋጣለን።»

«ተወኝ ልጄ። ልጆቼን በሚያህሉ ሰዎች ፊት ልብሴን አላወልቅም።»

የቀትሩ የዙህር ሶላት ጊዜ ደረሰ። ሐጂ ከተቀመጡበት አልተነሡም።

መኪናዋን አየኋት። መስታወቶቿን ለቀለም ሥራ ብዬ በጋዜጣ ሸፍኛቸው ስለነበር ከውጭ ወደ ውስጥ አይታይም። ሦስቱ በሮቿ ገጥመዋል። አራተኛው ግን አልገጥም ብሎኝ ግድግዳ ተደግፎ ቀርቷል። ሲዘጋ ከላይ የኋላውን ምሰሶ ይመታል፣ ከታች ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል።

ወደ መግቢያው ሄድሁ። «ወንድም፣ ቁልፍ ብትሰጠኝ።»

«የምን ቁልፍ?» አለ ጠባቂው ደንግጦ።

«የብሎን። ከመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ። የመኪናዋን በር ልገጥም ነው።»

«ልታመልጥባት?»

«ሞተር የላትም።»

በሩን ገርበብ አድርጎ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ጎማ ክምሩን አየ። ወጣት ነው። ሄዶ ቁልፉን አመጣልኝ። «መዶሻ የለም። እንደጨረስህ ትመልሳለህ» አለኝ። የራሴን ዕቃ ለምኜ ተቀበልሁ፣ አመስግኜም።

በሩን ሰቀልነው። እንደ ልማዱ አልገጠመም። ጥፋቱ የበሩ አለመሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ድንጋዮቹን ፊትና ኋላ ጫፏ ላይ ስላደረግኋቸው መሀሏ ሰርጉዷል። መሀሏ ሲሰረጉድ ደግሞ የበሩ መግቢያ ከላይ ይጠባል። ውስጥ የተኙትን አስወጣኋቸው። ተጋግዘን ወገቧን ብድግ ስናደርጋት ገበሬው የባሕር ዛፍ ጉማጅ ከሥሯ ገፋ። የበሩ መግቢያ ከላይ ሰፋ። የበሩ ጫፍ ግን ገና ትንሽ ስለወረደ ከቲማቲም ጣሳ የቀደድሁትን ቆርቆሮ አጥፌ ከታችኛው ማጠፊያ ሥር ከተትሁና ብሎኑን አጠበቅሁ። በሩን በመዳፌ ገፋሁት። ጠቅ ብሎ ተዘጋ።

እያንዳንዱ ሰው ከላስቲክ ጠርሙሱ ውሃ ወደ አንድ ባልዲ ጨመረ። አንድ ተማሪ ትርፍ ሱሪውን አወጣ። ወደ ሐጂ ሄድሁና ለእንግዳ እንደሚባለው፦

«ሐጂ፣ ቤት ተዘጋጅቶልዎታል፣ ይግቡ» አልኋቸው።

አዲስ የተገጠመውን በር አይተው «ከውስጥ ይቆለፋል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ይቆለፋል።»

ተነሥተው ገቡ፤ ቆለፉት። ውሃው መንጠባጠብ ሲጀምር ገበሬው ድምፁን ከፍ አድርጎ አማኑኤል ገበያ ስለሸጠው በሬ ማውራት ጀመረ። ሌላው ዋጋው ላይ ተከራከረው፣ ሌላው ደግሞ ስለ በሬው ቀንድ ጠየቀ። ሁላችንም ስለ በሬ ስንጮህ ቆየን። ሐጂ ሲወጡ ማንም ወሬውን አላቋረጠም። ጥግ ይዘው ያለፋቸውን ሶላት ሰገዱ።

ተፈትቼ ጋራዤን ካስመለስሁ በኋላ፣ አንድ ቀን ላሜራ ፍለጋ ሞጣ ሄድሁ። ሐጂ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ጎናቸው ትልቋ ልጃቸው ለገበያተኛ ጨርቅ ትለካለች። ደስታዬ አላስቻለኝም።

«ሐጂ!» አልሁ ከመንገዱ ማዶ።

አዩኝ፤ ወዲያው አወቁኝ። ከዚያ ዓይናቸው መሬት ወረደ።

«አባ፣ ማን ናቸው?» አለች ልጃቸው።

በእስር ካሳለፍኋቸው ቀናት የምኮራበት ያ ቀን ነበር። ለእሳቸው ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ ግን እስከዚያች ሰዓት አስቤው አላውቅም ነበር።

«ይቅርታ አባት፣ ሌላ ሰው መስለውኝ ነው» አልኋቸው።

«ምንም አይደል ልጄ፣ ሰው ከሰው ይመሳሰላል» አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጨበጥኋቸው። ለማያውቁት ሰው ከሚሆነው በላይ እጄን ይዘው ቆዩ።

ከዚያ ወዲህ ሞጣ ስሄድ በሱቃቸው ደጃፍ እንዳላልፍ በሌላ መንገድ እዞራለሁ።