ኮሎሲየም ያልገባንበት ሐሙስ

አባቴ ሮም በቆዩባቸው ሦስት ሳምንታት ውስጥ አብረን የምንዞርበት የተረፈኝ ጊዜ የመጨረሻው ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነበር። አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ስለምጦር ዕረፍቴ ጥቂት ነው፤ እሳቸው ደግሞ በማግስቱ ይሳፈራሉ። ያን ከሰዓት የፈለግኩት ለሽርሽር ብቻ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በደወሉ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ መቼ ነው ጠቅልለሽ የምትመጪው? እኔ ደግሞ መመለስ አልፈልግም። በአፌ መናገር ስላቃተኝ ከተማዋ ትናገርልኝ አልኩ። አደባባዮቹንና ፏፏቴዎቹን አይተው «በይ እንግዲህ ኑሪ» እንዲሉኝ ብዬ ለዘጠኝ ሰዓት የኮሎሲየም ትኬት ቆረጥኩ።

ከምኖርበት ሰፈር ከካስትሮ ፕሬቶሪዮ እስከዚያ በእግር አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። የዘነጋሁት ነገር ቢኖር አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ የማያልፉ ሰው መሆናቸውን ነው። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ሆነው አማትበው ያልፋሉ። ሮም ግን በእግር ነን፣ በየመታጠፊያውም ቤተ ክርስቲያን አለ። ያውም ብዙዎቹ ለምሳ የሚዘጉበት ሰዓት ነበር። ለመሳለም በሩ ይበቃል አሉኝ። የካቶሊክ ነው እኮ ብላቸው፣ እመቤታችን መቼም አንድ ናት ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ።

አሳሳማቸው ወግ አለው። መጀመሪያ ኮፍያ፣ ቀጥሎ ጫማ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ሰግደው በሩን ይስማሉ፤ ግንባራቸውን እንጨቱ ላይ አሳርፈው ረጅም ጸሎት ያደርሳሉ። ባለ ማሰሪያ ጫማ ያደረጉት እኔን ለማብገን ይመስለኝ ጀመር። አምስተኛው በር ላይ ቱግ አልኩ። እዚህ አገር ሰዓት ካለፈ አያስገቡም፣ ምንም ሳናይ ልንመለስ ነው አልኳቸው። ዞር ብለውም አላዩኝ።

ስድስተኛው በር ላይ ተንበረከኩ። አንዲት መንገደኛ ሴትዮ በተዘጋ በር ሥር በባዶ እግራቸው የተደፉ ሽማግሌ ስታይ ደንግጣ አምቡላንስ ልትጠራ ስልኳን አወጣች። ደህና ናቸው፣ እየጸለዩ ነው ብላት አላመነችኝም። ሽማግሌ በዚህ ፀሐይ ታንከራትቺያለሽ ብላ ተቆጣችኝ። እኔም ዝም አላልኩም፤ እሷ እጇን ስታወናጭፍ እኔም ሳወናጭፍ፣ ከጎን ያለው ባር ባለቤት «ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ»፣ ደህና ነው ግድ የለም እያለ ወንበርና ውሃ ይዞ ወጣ። አባቴ ቀና ብለው አማተቡ። ሴትዮዋ ሳቀች፣ እኛም ሳቅን፤ ጉንጫቸውን ስማ ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እኔ ጎንበስ ብዬ ጫማቸውን ሳስር፣ «ስትጣዪ እየሰማሁሽ ነበር» አሉኝ። «ቋንቋውን ባላውቀውም ሰማሁሽ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከጎረቤት ስትጣላ ልክ እንዲህ ነበረች። እንግዳ ሰው እንዲህ አይጣላም።»

ሌላኛውን ጫማቸውን አነሳሁ።

«ዘጠኝ ዓመት በየደጁ ልጄን መልስልኝ እያልኩ እለምን ነበር። ዛሬም አምስቱ በር ላይ ያንኑ ለመንኩ። እዚህኛው ላይ ግን ተውኩት። ባለሽበት ይጠብቅሽ አልኩ።»

ማሰሪያውን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት፤ ፊቴን እንዲያዩት አልፈለግኩም። ከዚያ ኮሎሲየምን ከውጭ ዞረን አየነው። ትልቅ ነው አሉ፣ በቃ። ጥላ ፈልገን ተቀምጠን አይስክሬም በላን፤ ሮም ከገባሁ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን የለም። የፈለግኩትን አግኝቻለሁ። ግን መልስልኝ ብሎ በየደጁ የሚቆምልኝ ሰው እንደነበረኝ ያወቅኩት፣ መለመናቸውን የተዉ ዕለት ነው።