ጭስ የሚወጣበት ሱሪ

ሰው የጣለውን ዕቃ ሳላይ ማለፍ አይሆንልኝም። በሐዴራ ከተማ፣ ሰፈራችን ነቬ ሐይም ውስጥ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ አሮጌ መጋረጃ፣ የተሰበረ ጃንጥላ ወይም አንድ እግር ካልሲ ካለ እኔም እዚያው አለሁ። ለቅሜ፣ አጥቤ፣ አንሶላ ላይ በመርፌ እየጠለፍሁ ሥዕል አደርገዋለሁ። እናቴ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው መኪና "አልቴ ዛኽን!" እያለ ባለፈ ቁጥር፣ "ያውና፣ ባልሽ መጣ" ትለኛለች።

ባለፈው ዓመት የሰፈራችን ማትናስ፣ የነዋሪዎች መሰብሰቢያ ማዕከሉ፣ በአዳራሹ አንድ ሙሉ ግድግዳ ሰጠኝ። የመጀመሪያዬ ኤግዚቢሽን ነው። ሐዴራን ራሷን ጠለፍኋት። መሐል ላይ ከገንዳው ያገኘሁትን ቡናማ የሱፍ ሱሪ ዘቅዝቄ ሰፋሁ፤ ሁለቱ እግሮች በከተማችን ዳር የቆመው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች ሆኑ። ከጫፋቸው በነጭ ክር ጭስ አስወጣሁ። እርግጥ ጭስ ማውጫዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሱሪ ግን ሁለት እግር ብቻ ስላለው ሦስተኛውን ተውሁት።

በመክፈቻው ቀን ጠዋት ከኛ በታች የሚኖሩት አዛውንት ከሚስታቸው ጋር ብቅ አሉ። ግድግዳው ፊት ደርቀው ቀሩ።

"ይኼ የኔ ሱሪ አይደለም? ልጆቼን ሁሉ የዳርሁበት ሱሪ! ዘቅዝቀሽ ጭስ ታስወጭበታለሽ?"

"ዳይ፣ በቃህ!" አሉ ሚስትየው። "ሆድህ እንቢ ስላለው ዘቤል ላይ፣ ከቆሻሻው ጋር የጣልሁት እኔ ነኝ።"

"አሁኑኑ ይፈታልኝ!"

"አባባ፣ እሱ ከተፈታ የሚቀረኝ ባዶ አንሶላ ነው" አልሁ።

በኛ ከአገር ቤት በመጣነው ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም፤ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሦስት ሽማግሌዎች የፕላስቲክ ወንበር ስበው ከሥዕሉ ፊት ተቀመጡ። ግራ ቀኙን ሰምተው ሲያበቁ ትልቁ ፈረዱ፦ "ይለካ። ሱሪው ለወገብዎ ከበቃ ይፈታ። ካልበቃ ለልጅቷ ይሁን።"

ሚስትየው መቀነታቸውን ፈተው ለመለኪያ ሰጡ። አዛውንቱ ዓይናቸው እስኪፈጥ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

"ይተንፍሱ እንጂ" አሉ ሽማግሌው።

"ተንፍሻለሁ" አሉ፣ ሳይተነፍሱ።

ሚስትየው ብብታቸውን ኮርኮር አደረጓቸው፤ ሆድ ወደ ቦታው ተመለሰ። በዚያው መቀነት የሱሪው ወገብ ሲለካ አንድ ሙሉ ስንዝር ጎደለ።

አዛውንቱ ቀና ብለው ሳያዩኝ ወጡ። ረታሁ፤ ግን ደስ አላለኝም። የልጆቻቸውን ሠርግ ሁሉ ግድግዳ ላይ የሰፋሁት መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ ምሳም አልበላ አለኝ።

ማታ የአዳራሹ በር ሊከፈት ትንሽ ሲቀር አዛውንቱ ተመልሰው መጡ። ብብታቸው ሥር የሱሪውን ኮት ሸጉጠዋል።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ከመስኮቴ የማያቸው ጭስ ማውጫዎች ሦስት ናቸው። ሁለት ብቻ ከሆኑ ያየው ሰው ሁሉ ሱሪ መሆኑን ያውቅብኛል። እንኪ፣ ቀኝ እጅጌውን ቁረጪና ሦስተኛውን አቁሚ። የቀረውን እንዳትነኪብኝ፤ የልጅ ልጄ ልታገባ ነው።"

እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጣ። እሳቸው ጨርቁን ወጥረው ያዙልኝ፤ እኔ ሰፋሁ። የመጨረሻውን ጭስ ስቋጥር በሩ ተከፈተ። አዛውንቱ የመጀመሪያውን እንግዳ ክንዱን ይዘው እየጎተቱ ግድግዳው ፊት አቆሙት።

"አየኸው?" አሉት፣ "ሱሪዬ ነው።"