እትዬ የሠሩልኝ ሹራብ

ሥራዬ ከአዳማ ወደ ሻሸመኔ ሲዛወር፣ እትዬ የምላቸውን ጎረቤቴን ልሰናበታቸው ገባሁ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሹራብ ሲሠሩ ነው የሚውሉት። «እዚያ ብርድ ነው አሉኝ፤ አንድ ሹራብ ይሥሩልኝ እንጂ» አልኳቸው፣ ለጨዋታ ያህል።

ክረምት ሲገባ ቡናማ ሹራብ በሰው ላኩልኝ። ልክክ አለልኝ፤ ሳላወልቀው ከረምኩ። ለበዓል አዳማ ስመለስም እሱኑ ለብሼ ልጠይቃቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ትልቋ ልጃቸው ደረቴ ላይ አፍጥጣ ቀረች።

«የአባዬ ሹራብ ክር ነው» አለችኝ።

እትዬ ገበያ ያለው ክር አያሞቅም ብለው፣ የሟች ባላቸውን ሹራብ ተርትረው ነው ለካ የሠሩልኝ። የምገባበት ጠፋኝ። እትዬ ከውስጥ ብቅ ሲሉ ወዲያው አውልቄ፣ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ እኮ ስቀልድ ነበር» ብዬ ዘረጋሁላቸው።

«እንዴ! ሳጥን ውስጥ ብል ይብላው?» ብለው በአንገቴ መልሰው አጠለቁልኝና እጅጌውን ሳብ ሳብ አድርገው አስተካከሉት። ልጃቸው ግን ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ጓዳ ገባች።

አሁን የምለብሰው ሻሸመኔ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ባጠለቅኩት ቁጥር የልጅቷ ፊት ይመጣብኛል።