ፊርማዬና ጥርሳሙ ዓሣ

ፓይክ የሚባለውን ዓሣ እጠላዋለሁ። ዓሣ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት የዓሣ እርባታ አስተምሬያለሁ፣ አምባዛን የመሰለ መልከ ጥፉ እንኳ ወድጄ ኖሬያለሁ። ይሄኛውን ግን አልቻልኩም። ረጅም ነው፣ አፉ እንደ ዳክዬ የተለጠጠ፣ ጥርሱ ወደ ውስጥ የተቀለበሰ። ማስኪ የሚባል ታላቅ ወንድም አለው፤ እሱ ደግሞ ይብሳል።

ከዚህ ዓሣ ጋር ያስተዋወቀኝ ሰው ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ ይኖራል። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ በአፌ ጋሼ፣ አንቱ እለዋለሁ፤ በልቤ አንተ ካልኩት ቆይቻለሁ፣ እዚህም የምጽፈው በልቤ ነው። ከነልጆቼ ከአገር ቤት እንደመጣን ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር ቤት ስንከራይ ዋስ የሆነን እሱ ነው። እኔ ዛሬም ከዚያው ሕንፃ አልወጣሁም፤ ዳውንታውን አንድ ኮንዶ መግቢያ ላይ ተቀምጬ የሰው ዕቃ እየተቀበልኩ እኖራለሁ። ውለታው ግን አላረጀም፤ እንዲያረጅም አይፈልግም።

አንድ እሁድ ቤዝመንቱ ጠራኝ። አራት ሰዎች ነበሩ፣ ሁሉም እኔ ገና ያልሰማሁት ፕሮጀክቱ ውስጥ ሼር የገቡ። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፎ አንድ ትልቅ ፓይክ ተጋድሟል፤ ማለዳ ራሱ ነው ያጠመደው። ሆዱን በቢላ ሲቀደው የወጣውን ሽታ አፍንጫዬ እስካሁን አልረሳውም። እጁን አስገብቶ ሌላ ፓይክ መዞ አወጣ፤ ጭንቅላቱ ቀልጧል፣ ጅራቱ ገና አረንጓዴ ነው። የገዛ ዘሩን በልቷል። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ሰውየው እጁን በጋዜጣ ጠረግ አድርጎ ሳምቡሳ አነሳ።

ዕቅዱን የነገረኝ እያኘከ ነው። አገር ቤት፣ ቆላ ውስጥ ያለ አንድ የግድብ ሐይቅ ላይ የፓይክና የማስኪ ጫጩት ይለቀቃል፤ ትልቅ ዓሣ በመንጠቆ መያዝ የሚወዱ ቱሪስቶች ይጎርፋሉ፤ ሎጅ ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ ሞቃት ስቴቶች ላይ እያራቡ ሐይቁን ስቶክ ያደርጉታል፣ እኛ ምን ያንሰናል አለ።

የማውቀውን ነገርኩት። የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ነው፤ ውኃው ሲሞቅበት መብላት ያቆማል፣ ትልልቁ ቀድሞ ይሞታል። ማስኪ ትንሽ ይችላል። የሁለቱ ዲቃላ ሙቀቱን ይበልጥ ይችላል፣ ግን መካን ነው፤ በየዓመቱ አዲስ ካልተለቀቀ ያልቃል። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ እየለኩ፣ እየተከታተሉ ነው የሚለቁት። እስኪሞት ድረስ ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም፤ የሐይቁን ዓሣ፣ ቆሮሶውን ይጨርሰዋል፣ በቆሮሶ ልጆቹን የሚያሳድገው ባለ መረብ ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል።

ሰውየው ፈገግ አለ። «መካን ከሆነማ ኤክሰለንት ነዋ፤ በየዓመቱ ጫጩቱን ከእኛ ይገዛሉ።»

ስለ ባለ መረቡ አንድ ቃል አልተነፈሰም። 

ከዚያ ወረቀት አመጣ። ለአገር ቤቱ መሥሪያ ቤት የሚላክ ደብዳቤ ነው። «ጥናቱን መርምሬ ለአካባቢው ተስማሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ስም ከነድሮ ማዕረጌ ተጽፏል። ጥናት የሚባል ነገር ዓይኔ አላየም። ይህንኑ ስለው ከት ብሎ ሳቀ።

«ሳፖርት አድርገን እንጂ» አለኝ። «እኔ ለቤትህ ስፈርም መቼ አነበብኩ?»

አራቱም ሰዎች አዩኝ። ይሉኝታ የሚሉት በሽታችን መድኃኒት የለውም። አገር ቤት መሥሪያ ቤቱ ያሉት ባለሙያዎች ናቸው፣ አንብበው ይጥሉታል፣ እኔ ለምን ከሰው እጣላለሁ አልኩ በሆዴ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ፈረምኩ። እውነቱን ለመናገር ያ ማዕረግ ከስሜ ፊት ተጽፎ ሳየው ደስም ብሎኛል፤ ከሁሉ የሚያስጠላኝ ይሄ ነው። እስክሪብቶው ላይ የዓሣው ልጋግ ነበረበት፣ ሰብዌይ ውስጥ ጣቶቼን ሱሪዬ ላይ ስጠርግ ቤቴ ደረስኩ።

ሦስት ወር ያህል ምንም አልሰማሁም። አንድ ረፋድ ሥራ ላይ ሆኜ ከአገር ቤት ተደወለልኝ። የድሮ ተማሪዬ ናት፤ ክፍል ውስጥ ጥያቄዋ የማያልቅ፣ አንዳንዴ የምታናድደኝ። አሁን ያንን ሐይቅ በሚመለከተው ቢሮ ውስጥ ፈቃድ የምትሰጠው እሷ ሆናለች። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ። ከዚያ የፕሮጀክቱ ማመልከቻ እጇ መግባቱን ነገረችኝ። ስለ ውኃው ሙቀት፣ ስለ ቆሮሶው፣ ስለ ባለ መረቦቹ ሁለት ገጽ ሙሉ ጥያቄ ጽፋ ልትመልሰው ነበር።

«መጨረሻ ላይ የእርስዎን ፊርማ ሳይ አፈርኩ» አለች። «መምህሬ ያዩትን እኔ ማን ነኝ ብዬ ጥያቄዬን ቀድጄ ፈረምኩ። ጫጩቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይለቀቃል። ልክ ነኝ አይደል፣ መምህር?»

የኮንዶው መግቢያ ባዶ ነበር። ሰውየው የለም፣ አራቱ ባለ ሼሮች የሉም፤ ይሉኝታ የሚያሲዘኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

«ልክ ነሽ» አልኳት።